ላልቶ የተሰፋው ጀላቢያ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው መርፌ በያዙ ሴቶች መሀል ተቀምጬ ነበር። ሌላው ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ተረትን ከእንቅልፍ ጋር ያነሳዋል፤ ጋቢ ተከናንቦ፣ የአያቱ ጉልበት ላይ ተንጋሎ፣ ጅቡና ጦጣው ሳይታረቁ እንቅልፍ እንደወሰደው ያወጋል። እኔ ይህን ስሰማ ትንሽ ይከፋኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። የእኛ ሰፈር ሴቶች ያኔ ተረት የሚሰሙት እንቅልፍ ስለጠፋቸው ነበር።

ሰፈራችን መተማ አካባቢ፣ ከኮኪት ወጣ ብላ፣ የሰሊጡ እርሻ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ሰፈር ናት። አባቴ አንተነህ የትራክተር ሾፌር ነበር። ክረምት ሲገባ የባለሀብቶችን መሬት ያርሳል፤ መስከረም ጠብቶ ሰሊጡ ሲደርስ ደግሞ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች በተሳቢ ጭኖ እርሻ ያደርሳል፣ ይመልሳል። ማታ ገላውን ይታጠብና ከድንበር ማዶ ከገላባት ገበያ ያመጣትን ነጭ ጀላቢያ፣ ያን የሱዳን ወንዶች ረጅም ቀሚስ፣ ለብሶ ደጅ ላይ ንፋስ ይቀበላል። ጀላቢያዋ ደረቷ ላይ አንድ የናፍጣ ነጥብ ነበረባት። እናቴ ሙሉ በምን ሳሙና ብታሻት አልለቅ አላት፤ የሥራ ልብሱ ከአንገት እስከ እግር በናፍጣ ቢነከር ምንም ሳይመስላት፣ በዚያች ነጥብ ግን ሁልጊዜ ትነጫነጭበት ነበር፤ እሱም ይስቅባት ነበር።

ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ አጨዳው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የሰፈራችንን ወንዶችና ሠራተኞቹን የጫነው ተሳቢ ከእርሻ ሲመለስ የታጠቁ ሰዎች መንገድ ላይ ጠበቁት። ማን እንደነበሩ ያኔም ብዙ ተብሏል፣ ዛሬም ይባላል፤ እኔ ያላየሁትን አልጽፍም። ያየሁትና የሰማሁት ተኩሱን፣ ከዚያም ጭሱን ነው። ተሳቢውን አነደዱት፤ በመንገዱ ዳር የተከመረውንም የሰሊጥ ነዶ ለኮሱት። ሰሊጥ ዘይት ነው፤ አንዴ ከተያያዘ የሚያጠፋው የለም። ጭሱ ጣፋጭ ሽታ ነበረው፤ ለቀናት ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ልብሳችን ውስጥ፣ ውሃችን ውስጥ ገባ። አሁንም ጎረቤት ሰሊጥ ሲቆላ ቤቴን ዘግቼ እወጣለሁ።

የሞቱትን አምጥተው በአንድ ቀን ቀበሯቸው። አንዳንዶቹ የታወቁት በቀበቷቸው ብረት ነበር። አባቴ ከሞቱት መሀል አልተገኘም፣ ከተረፉትም መሀል አልነበረም። ትራክተሩ በሩ ተከፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካ ቆሞ ተገኘ። አንዱ ይዘውት ሄዱ አለ። ሌላው ወደ ሱዳን በኩል ሲሮጥ አይቼዋለሁ አለ። አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሳሩ ውስጥ ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ ተናግሮ፣ በማግስቱ ያየሁት ሌላ ሰው ነው አለ። የቀሩት ወንዶች እስከ ገለጉ መንገድ ድረስ ጫካውን ቢያስሱት አንድ ጫማ እንኳ አላገኙም።

በእኛ አገር ለሞተ ሰው የሚለቀሰው መርዶው ሲነገር ነው። ዘመድና ጎረቤት ገና ሳይነጋ ተሰብስቦ ይመጣል፤ የቤቱ ሰው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። በእኛ በር ግን ማንም አልመጣም። ሬሳውን ያየ ሰው ከሌለ ማን ደፍሮ ያረዳል? ጎረቤቶቻችን ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ዳስ ጥለው ሲቀመጡ፣ እናቴ ሹሩባዋን እየፈታች እንደገና ትሠራው ነበር። ሴቶቹ በጎን ተያዩ፤ ልቧ ድንጋይ ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ግን ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ድንገት ቢመጣና ተላጭታ ቢያገኛት ሞቴን ተመኝተሽ ነበር እንዳይላት ፈርታ ነው።

እኔንም እንዳላለቅስ ከለከለችኝ። አባትሽ በሕይወት አለ፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማልቀስ ማሟረት ነው አለችኝ። የጎረቤት ልጆች አባቶቻቸውን ጠርተው ሲያለቅሱ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ቀን አምልጦኝ ከእነሱ ጋር ጀመርኩ፤ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና አፌን በእጇ ሸፍና እስክረጋጋ ያዘችኝ። አልመታችኝም።

እሜቴ አንጓች የሚባሉ አሮጊት ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጎጃም ወርደው ለእርሻ ሠራተኞች ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ፣ ባላቸውንም ልጆቻቸውንም በወባ አጥተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። በአፍንጫ የሚሳበውን ትምባሆ፣ ሱረት ይስባሉ፤ አነጋገራቸው ሸካራ ነው፤ የሚያዝኑለትን ሰው ሲቆጡት ይውላሉ። በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት እየዞሩ ያዩት ነገር አስጨነቃቸው። ሴቶቹ የሟቾቻቸውን ልብስ ከሳጥን እያወጡ ፊታቸውን ቀብረውበት ያድራሉ። ልማዱ ከተዝካር በኋላ የሟችን ልብስ ለነዳያን መስጠት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አንዷም እጇ አልፈታ አላት። ልጆቹም እናቶቻቸውን እያዩ ሌሊቱን ይባንናሉ፣ ምንጣፋቸውን ያረጥባሉ። ፈንታነሽ የምትባለው ጎረቤታችን ባሏንም የበኩር ልጇንም በአንድ ቀን የቀበረች ሴት ናት፤ የልጇን ሱሪ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ውሃ ስትቀዳ ሁሉም ያያት ነበር።

እሜቴ አንጓች ሴቶቹን ግቢያቸው ካለው የገለባ ዳስ ሥር ጠሯቸውና ልብሱን ይዛችሁ ኑ አሉ። ልትይዙትም አልቻላችሁ፣ ልትሰጡትም አልቻላችሁ፤ እንግዲህ እንሰፋዋለን አሏቸው። ሐሳባቸው ድሪቶ ነበር። ድሪቶ የድሃ መኝታ ነው፤ ያረጀ ጨርቅ ቁራጭ በቁራጭ እየተጣፈ የሚሠራ ከባድ ልብስ። እንዲያውም መጀመሪያ ሴቶቹ አዘኑባቸው፤ የልጄን ልብስ ለድሪቶ ስትል አታፍርም ያሉም ነበሩ። እሳቸው የራሳቸውን ባል አሮጌ ኩታ አውጥተው መሀሉን በመቀስ ቀደዱትና መስፋት ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠጋችው ፈንታነሽ ናት፤ ሱሪውን ከአንገቷ ፈታችው።

ሲመሽ ሙቀቱ ቀነስ ሲል ይሰበሰባሉ። ለወባ ትንኝ የደረቀ እበት በሸክላ ማንደጃ ይጨሳል፤ ፍሙ ከዳሱ አፍ ላይ ይቀላል፤ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ፋኖስ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የሴቶቹ ጥላ ገለባው ላይ ይረዝማል፣ ያጥራል። እኛ ልጆች ቁራጮቹን በየመልካቸው እንለያለን፤ ከማሳ ዳር የተለቀመ ጥጥም እየፈለቀቅን ለሙላት እናቀብላለን። ገበሩ አቡጀዲ ነበር። እያንዳንዷ ሴት በራሷ ሰው ቁራጭ ላይ የፈለገችውን ትጠልፋለች። አንዷ የባሏን ፍየሎች ጠለፈች። ሌላዋ መስቀል። ፈንታነሽ የልጇ ቁራጭ ላይ ሞባይል ስልክ ጠለፈች፤ ልጁ ከስልኩ ተለይቶ አያውቅም ነበርና ቁልፎቹን ሳይቀር በቀይ ክር አንድ በአንድ ነጠብጣብ አደረገቻቸው። ጥልፉ አስቀያሚ ነበር፤ ማንም አልሳቀባትም።

ያኔ ነው ተረቱ የሚመጣው። እሜቴ አንጓች ተረት የሚጀምሩት ያለ ምንም መግቢያ ነው፤ እየሰፉ ሳሉ ብድግ ብለው ያ ጅብ ደግሞ አህያይቱን ምን ቢላት ጥሩ ነው ይላሉ፤ የትኛው ጅብ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጠገቡ ጅቦች፣ ሚስታቸውን የሚፈሩ አንበሶች፣ ሰው የሚያማ ጉድጓድ፣ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ የምትዳር እንቁራሪት። መጨረሻውን ግን አይናገሩም። ጨለማው በርትቶ መርፌው ማየት ሲያስቸግር ጨርቁን አጥፈው ይነሳሉ፤ ጅቡ ከገደሉ አፋፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ሴቶቹ በጣም ይናደዱ ነበር። አንድ ጠዋት ፈንታነሽ ሌሊቱን ሙሉ ጅቡ ምን ሆኖ ይሆን ስል አደርኩ ብላ ስትነጫነጭ እሜቴ አንጓች ቀና ብለው አዩአት፤ ምን እንዳሰቡ ያኔ አልገባኝም። ፈንታነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሟቾቿ ሌላ ነገር ስታስብ ማደሯን ሰምተው ነበር።

ድሪቶው መልክ ሲይዝ የማን እንደሚሆን ጥያቄ ተነሳ። የማንም አይሆንም አሉ። የባሰባት ቤት ይሄዳል። ሌሊት መተኛት ያቃታት ሴት፣ ያተኮሰው ልጅ፣ በሰባት ወሯ ምጥ የያዛት አንዲት ነፍሰ ጡር መበለት፣ ድሪቶው ወደ እነሱ ይሄድና ያድራል፤ ሲነጋ ይመለሳል፣ ማታ እንደገና ይሰፋበታል። ክብደቱ ለሙቀቱ አገራችን የሚሆን አልነበረም፤ ግን ሴቶቹ ክብደቱን ይወዱት ነበር። ሰው የተደገፈብኝ ይመስለኛል ትል ነበር ፈንታነሽ።

እናቴ በየምሽቱ ትመጣለች። በስፌት የሚደርስባት አልነበረም፤ ሌሎቹ የሚያጣምሙትን እሷ ፈትታ ታቃናለች፣ የሰዉን ሁሉ ልብስ ትቀድዳለች፣ ትሰፋለች። የአባቴን ጀላቢያ ግን አላመጣችም። ማንም በግልጽ አልጠየቃትም። ሆኖም መቀሱ በሴቶቹ መሀል ሲዞር እሷ ዘንድ ሲደርስ ዝም ይባል ነበር፤ እኔ ያን ዝምታ በልጅነቴ እንኳ ለይቼ አውቀዋለሁ። ልትሰጥ ትወዳለች ወይስ አትወድም የሚለው አልነበረም የሚያስጨንቀኝ። ጀላቢያዋ ከገባች አባቴ ሞቷል ማለት ነው፤ ካልገባች ደግሞ እኔ ማልቀስ አልችልም። በዚህ መሀል ቀረሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወባ ያዘኝ። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ እሜቴ አንጓች ድሪቶውን ላኩልን። እናቴ ተቀብላ ደጅ መደቡ ላይ አስቀመጠችው፣ ወደ ውስጥ አላስገባችውም። ከተኛሁበት በበሩ በኩል ይታየኝ ነበር፤ የፈንታነሽ ልጅ ቀይ ነጠብጣብ ሳይቀር። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ስለገባ አምጪልኝ አልኳት። የሙታን ነው፣ እኛ ቤት የሞተ ሰው የለም አለችኝና ያላትን ልብስ ሁሉ ከምራ አለበሰችኝ፤ በላዬም ተኝታ አቀፈችኝ። ሲነጋ ድሪቶውን ሳይነካ አጣጥፋ መለሰችው። ነገሩ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ፈንታነሽ የልጄ ልብስ ቤቷን ያረክስባታል ወይ ብላ ተቀየመቻት፤ ከዚያ ወዲያ መቀሱን ስታቀብላት ዓይኗን አታይም ነበር።

ከዳንኩ በኋላ ባለው ምሽት እሜቴ አንጓች ሌላ ዓይነት ተረት ጀመሩ። ጅብ የለበትም፣ እንቁራሪት የለበትም። አንዲት ሴት ነበረች አሉ፤ ባሏ ወንዝ ሲሻገር እሳቱ ሳይጠፋ እመለሳለሁ ብሏት ሄደ። ሴትየዋ እሳቱን ጠበቀች። እንጨቷን ሁሉ ማገደች፣ አልመጣም። ዱላውንና ማረሻውን ማገደች። በርጩማውን፣ አልጋውን፣ በሩን ማገደች። ጎረቤት ምነው ሲሏት ቃል አለብኝ ትላለች። ከዚያ የጣሪያውን ሣር እየመዘዘች፣ ማገሩን እየነቀለች፣ በመጨረሻ ምሰሶውን ጥላ ማገደችው። ልጆቿ በዚህ በእኛ አገር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እሳት ይሞቁ ነበር አሉ እሜቴ አንጓች። በሌላ ቀን ቢሆን ሴቶቹ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ተረቱ ለማን እንደሚነገር ያውቅ ነበር።

እናቴ የያዘችውን ስፌት እስከ ጫፉ አደረሰች፤ ክሩን ቋጠረች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም፣ ድካም ግን ነበረበት።

«እሜቴ፣ እኔ ቤቴን አላነደድኩም» አለች። «ልጄን አበላለሁ፣ እርሻ ውዬ እገባለሁ፣ የሰዉን ልብስ እሰፋለሁ። የያዝኩት አንድ ጀላቢያ ነው። እሱንም ስጪ ካሉኝ ሞቷል ይበሉኝ። እርስዎ ይንገሩኝና ዛሬውኑ ላምጣው።»

አሮጊቷ ሱረታቸውን አውጥተው ሳይስቡት መልሰው አስቀመጡት። ተረታቸው ተሳስቶ እንደሆነ እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል፤ የእናቴ ቤት ደህና ነበር፣ ልጇም ጥላ ሥር ነበረች። የሚጎድላት የሚያረዳት ሰው ብቻ ነበር።

«እኔ አልልሽም ልጄ፤ አላየሁም» አሉ። «እንግዲያስ አንቀደውም። ሙሉውን ይዘሽው ነይ፤ ላላ አርገሽ ስፊው። የመጣ ዕለት በአንድ መሳብ ይወጣለታል።»

በማግስቱ እናቴ ጀላቢያዋን አመጣች። ቦታ ስላልነበረው የድሪቶውን መሀል ተርትረው ከፈቱለት። ስትዘረጋው ሁለቱ እጅጌዎች ግራና ቀኝ ተዘረጉ፤ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ እጆቹን የከፈተ ይመስል ነበር። የፋኖሱ ብርሃን ነጩ ላይ አረፈ፤ ከሴቶቹ አንዷ ፊቷን አዞረች። እናቴ ጫፍ ጫፉን ብቻ በረጃጅም ስፌት፣ ሳትቋጥር፣ ክሩን ረዘም አድርጋ እያንጠለጠለች ያዘችው። ስትጨርስ ፈንታነሽ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፤ ቂሙም በዚያ አለቀ። ማንም ስለ ጥልፍ አላነሳም፤ በሕይወት ላለ ሰው ምን ይጠለፋል?

ከዚያ ወዲያ ድሪቶው እኛ ቤትም መግባት ጀመረ። ተራችን በደረሰ ሌሊት በጨለማ ጣቴን እያንቀሳቀስኩ የናፍጣዋን ነጥብ ፈልጌ አገኘኋት፤ ጠንከር ያለች፣ ትንሽ ሻካራ ነገር ነበረች። አባቴ ያለው እዚያ ጋ ይመስለኝ ነበር። ሆኖም አላለቀስኩም። ክሩ የላላ ነው፣ ስለዚህ አባቴ በሕይወት አለ ብዬ አመንኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነገሩን የሚረዳው እንዲህ ነው።

ዓመታት አለፉ። በየዓመቱ የሰሊጡ አጨዳ ሲያልቅ ሴቶቹ ድሪቶውን ያጥቡታል፣ አጥር ላይ ያሰጡታል፣ የተፈታውን ይጠግናሉ። የላላ ስፌት ዓመት አይሞላም፤ እናቴ የተበጣጠሰውን ክር ትመዝና በአዲስ ክር እንደገና ላላ አድርጋ ትይዘዋለች። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ሰው ሆኑ። ፈንታነሽ መኪና መቆሚያው ጋ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ሾፌሮችን የምትሳደብበት ቋንቋ ከኮኪት እስከ አብደራፊ የታወቀ ሆነ። ሁሉም ዳኑ ብዬ ግን አልዋሽም። አንዷ ቁራጯን ብትሰጥም ለድሪቶውም ለተረቱም ልቧን ሳትሰጥ፣ አንድ ጠዋት ቤቷን ክፍት ትታ ሄደች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። የእሷ ሰው ቁራጭ አሁንም ጥልፍ የለበትም።

እናቴ ፍለጋዋን አልተወችም ነበር። አንተነህ የሚባል ሐበሻ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ ታይቷል የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር በነጋዴ ትልካለች። አንድ ዓመት ራሷ ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር ተሻግራ ሄደች። ስትመለስ ምን እንዳየች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ እኔ አድጌ ጎንደር ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ ነበር። እናቴ መተማ ዮሐንስ ሄዳለች የሚል ወሬ ደረሰኝና ተከትያት ወረድኩ። ድንበሩ ድልድይ አጠገብ አገኘኋት። ሰው ከገላባት በኩል እየጎረፈ ይሻገራል፤ ሱዳኖቹም፣ ዕድሜያቸውን እዚያ የፈጁ የእኛም ሰዎች ልጃቸውንና ፍራሻቸውን ተሸክመው ይገባሉ። እናቴ መንገዱ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ወንድ ፊት ታያለች። ፀጉራቸው የነጣውን ረዘም አድርጋ ታያለች፤ አባቴ ካለ ፀጉሩ ይነጣ ነበርና። ሹሩባዋ አዲስ ነበር። ነይ እንሂድ ብላት ትንሽ ልይ አለች፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትም። በሕይወት ያለና መምጣት የሚችል ሰው ሁሉ የመጣ መሰለ። ከዚያ ሰዉ እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ የሚመጣ ሰው ሳይታይ ቀረ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ በቃ አለች። መኪና ተሳፍረን ተመለስን።

በዚያ ዓመት አጨዳው እንዳለቀ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ድሪቶውን አጥበው ዳሱ ሥር ዘረጉት። እኔም ለሰሞኑ ብዬ እዚያው ነበርኩ። እሜቴ አንጓች ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ምሰሶ ተደግፈው ተረት ይነግሩናል። እናቴ የተበጣጠሰውን ክር መዘዘች። ከዚያ ከመቀነቷ ድርብ ክር አወጣች፣ በሰም አሸችው፣ መርፌው ውስጥ ከተተችው፣ ጫፉን ቋጠረች። ከቀኙ እጅጌ ጀመረች። ስፌቱ ደቃቅ ነበር፤ እንደ ማሽን የተጠጋጋ። ያኔ መጀመሪያ ያየችው ፈንታነሽ ናት፤ እጇ ቆመ። ቀጥሎ ሌላዋ። ወዲያው ዳሱ ውስጥ የሚሰማው የእናቴ ክር ጨርቁን ሲያልፍ ብቻ ሆነ።

እሜቴ አንጓች ተረታቸውን አቋረጡ። ምን ሆናችሁ ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ አንገቷን ሳታቀና መለሰችላቸው።

«የልጄን አባት አጥብቄ እየሰፋሁት ነው፣ እሜቴ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው እየዳበሱ ድሪቶው ጋ ደረሱ፤ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት፣ ከእጅጌው እስከ ትከሻው። ከዚያ ሻሻቸውን ከራሳቸው ገፈፉና ሙሾ አወጡ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ማን ሞተ ብለው ሲጠይቁ አንተነህ ተባሉ፤ የማያውቁት ወጣቶች ግራ ተጋቡ፣ የሚያውቁት ግን እዚያው ተቀመጡ። እናቴ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ስፌቷን አላቋረጠችም። ዞራ ዞራ የግራውን እጅጌ ዘጋችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሹሩባዋን ከግንባሯ ጀምራ አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ወደ እኔ ዞረች።

«በይ አሁን አልቅሺ» አለችኝ።

ማልቀስ ሰው የሚረሳው ነገር አይመስለኝም ነበር። ያን ያህል ዘመን ጥርሴን ነክሼ ከያዝኩት በኋላ ግን ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ፈንታነሽ ከኋላዬ መጥታ ደረቴን ይዛ ነቀነቀችኝ። ያኔ አባዬ የሚል ወጣኝ፤ የትልቅ ሴት ድምፅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ነው የነገረኝ።

አሁን ስፌት መተዳደሪያዬ ነው። ስለዚያ ድሪቶ የሰሙ እንግዶች አንዳንዴ ሰፈራችን መጥተው ፎቶ ያነሱታል፤ ስለ ጥልፉ ውበት፣ ስለ ሴቶቹ ብርታት ጥሩ ጥሩ ነገር ይናገራሉ። አልጠላባቸውም። እኔ ውስጥ የቀረው ግን ውበቱ አይደለም። ማንም ሊነግራት ያልደፈረውን ነገር እናቴ በገዛ እጇ ለራሷ ስትነግር አይቻለሁ፤ አጠገቧም የሚቀመጥ ሰው እንደነበራት አይቻለሁ። ድሪቶው ለእኛ ያደረገልን ይህን ነው። ልቤ ግን ዛሬም አልተደላደለም፤ አጥንቱ የት እንዳለ አናውቅም፣ ምናልባትም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል የሚል ሐሳብ ሌሊት ያባንነኛል። ተዝካሩን ግን በየዓመቱ እናወጣለን። አባትሽ መቼ ሞተ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖርም፣ እናቴ ያን ጀላቢያ አጥብቃ የሰፋችበትን ቀን እነግረዋለሁ።